ጀርባ ሰጥቶ ማዳመጥ

እማዬ «ሆስፒታል ውሰጂኝ» ያለችኝ ወንድሟን ልትጠይቀው ብላ አልነበረም። ልትሰማው ነው። «ሳይሞት ከአፉ መስማት አለብኝ» አለችኝ በስልክ፣ ሰላም እንኳ ሳትለኝ። «አንዴ ብቻ። ከዚያ በኋላ የፈለገበት ይሂድ።»

ወንድሟ የምላችሁ ታናሿ ነው፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው፣ የመጀመሪያ ጫማውን እሷ ያሰረችለት። ከልጅነቴ ጀምሮ ግን በእኛ ቤት ስሙ ተነስቶ አያውቅም። «ያ ሰውዬ» ነበር የሚባለው። «ያ ሰውዬ አባትሽን ገደለው» እየተባልኩ ነው ያደግኩት፤ እኔም አምኜ ጥርሴን ነክሼበት ኖሬያለሁ። አሁን ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠውለታል፣ እማዬ የእምነት ቃሉን ትፈልጋለች፣ እኔ ደግሞ በመሃል ቆሜ አፌ ውስጥ አንድ ነገር ይዣለሁ። ብተፋው አጎቴ የእህቱን እጅ ይዞ ይሞታል፤ እማዬ ግን ከዚያ ወዲያ ሰው አትሆንም። ብውጠው እሷ ትድናለች፣ እሱ እንደ ነፍሰ ገዳይ ይቀበራል። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው አይስጥ።

ነገሩ የጀመረው በቁም ሳጥን ነው።

አባዬ ቀን ቀን የቀለም ፋብሪካ ውስጥ ቀለም ይቀላቅል ነበር። ሲመጣ ጥፍሩን አይቼ የዛሬው ምን ዓይነት ቀለም እንደነበር አውቃለሁ። ማታ ማታ ጊታር ይጫወታል። እጁ ወርቅ ነው ይሉታል፤ የሚጫወትበት ማሽን ግን አልነበረውም። ለኤሌክትሪክ ጊታር ደግሞ ማሽን ማለት ሁለት ነገር ነው፤ ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየር አለ፣ ድምፁ የሚወጣበት፣ ስፒከር የተገጠመበት የእንጨት ሳጥን አለ። አምፕሊፋየሩን አጎቴ ሠራለት። አጎቴ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ሱቅ ውስጥ የሰው ሬዲዮ ሆድ እየቀደደ የሚውል ዝምተኛ ሰው። ከተጣሉ ሬዲዮኖች የለቀማቸውን ዕቃዎች ገጣጥሞ፣ በቆርቆሮ ለብዶ፣ አንድ ቀን ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጠው። ሳጥኑን ግን አባዬ ራሱ ሠራው፣ ከእማዬ የቁም ሳጥን በሮች። እማዬ ታናሽ ወንድሜን ልትወልድ ሆስፒታል በገባች ሳምንት ነው ይህን ጀብዱ የፈጸመው። ሕፃኑን ታቅፋ ስትመለስ ልብሶቿ አልጋው ላይ ተከምረው ጠበቋት።

«በሮቼስ?» አለች።

«አሉ» አለ አባዬ። «ዘፋኝ ሆነዋል።»

ያን ቀን ሳቀች። ትዝ ይለኛል፣ ወገቧን ይዛ፣ እያመማት ነው የሳቀችው።

አጎቴ ማሽኑን ያመጣ ዕለት የተናገረውን አንድ ነገርም አስታውሳለሁ። የገመዱን ጫፍ ከፍቶ ለአባዬ እያሳየው ነበር፤ ውስጡ ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። «እነዚህ ሁለቱ ለማሽኑ ናቸው» አለው። «ሦስተኛው ግን ላንተ ነው። እንዳትነካው።» እኔ አጎቴ ለአባዬ ስጦታ የሰጠው መሰለኝ። እንዴት ያለ ስጦታ ነው፣ የማይነካ ነገር፣ እያልኩ ሳስብ ቆየሁ።

ማሽኑ አንድ ችግር ነበረበት፤ ይጮኻል። አባዬ ከካሴት ማጫወቻው ጋር አያይዞት እየተከተለ ሲጫወት፣ ከበስተጀርባ ዝዝዝዝ የሚል የማይቆም ድምፅ ይመጣል። ጊታሩን ሲያቆም ድምፁ አያቆምም። ወንድሜ እንቅልፍ የሚባል ነገር የማያውቅ ሕፃን ነበር፤ እማዬም አብራው ዓይኗ ደም መስሎ ነው የሚያድረው። መጀመሪያ በቀልድ ነበር የምትናገረው። «ሳጥኑ ውስጥ ንብ አለች እንዴ?» ትላለች። በኋላ ቀልዱ አለቀ። አንድ ምሽት ልጁን በአንድ እጇ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ፣ «ስማኝ» አለችው፤ «ወይ ንቧ ትውጣ ወይ እኔ ልውጣ! ምረጥ!»

ሰባት ወይ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። በእውነት ንብ ያለች መስሎኝ ነበር። ማሽኑ ሲጠፋ ጆሮዬን ሳጥኑ ላይ ለጥፌ አዳምጣለሁ፤ ተኝታለች እላለሁ።

በእሁዱ የማሽኖቹ ስብሰባ ነበረ። አባዬና ጓደኞቹ አልፎ አልፎ አናጢ ወዳጃቸው ቤት ይገናኙና ማሽኖቻቸውን ያወዳድራሉ። የማን አምፕሊፋየር ይሻላል፣ የማን ሳጥን ይበልጥ ይዘፍናል፣ ይሄ ነው ጨዋታቸው። ሌላው ሰው ኳስ ያያል፣ እነሱ ስፒከር ያዳምጣሉ። የዚያ እሁድ ግን ከሌላው ጊዜ ይለይ ነበር፣ ምክንያቱም ሾፌሩ የሚባለው ወዳጃቸው ከውጭ ያስመጣው የፋብሪካ ማሽን ሊቀርብ ነው። አባዬ ከቁም ሳጥን በር በሠራው ሊገጥመው ነው።

ጠዋት እማዬ ሕፃኑን ጤና ጣቢያ ይዛው ሄደች። እንደወጣች አባዬ ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ካቻቢቴ አምጪ አለኝ። አመጣሁ። የገመዱን መሰኪያ ፈታው። ከዚያ ፒንሳ አምጪ አለኝ። አመጣሁ። አጎነበሰ፣ አንድ ነገር ቀጭ አለ። መሰኪያውን መልሶ አሰረ፣ ማሽኑን ከካሴቱ ጋር አያይዞ ሶኬቱ ላይ ሰካው። ድምፅ የለም። ዝዝዝ የለም። ቤቱ ጭር አለ።

«ሰማሽ?» አለኝ።

«ምንም አልሰማሁም።»

«እሱን ነው የምልሽ!» ከዚያ መዳፌን አስከፍቶ ከጣቱ ጥፍር የማትበልጥ ቁራጭ አስቀመጠልኝ። አረንጓዴ ናት፣ ቢጫ መስመር አላት። «ይኸውልሽ ንቧ። ሞታለች። ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፣ ስትመለስ ማሽኑ ዝም ብሎ ሲቀበላት በድንጋጤ እንድትስቅ እፈልጋለሁ።»

ንቧን ባዶ የክብሪት ቤት ውስጥ ከተትኳትና ኪሴ ጨመርኳት። እንደ አባዬ ያለ ጀግና በዓለም ላይ አልነበረም።

የአናጢው ቤት የእንጨት ብናኝና የኮላ ሽታ ነበረው። መጋዙ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ላይ ቆሟል፤ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ማሽኖቹ ተሰልፈዋል፣ ትልቅ ትንሽ፣ ቆዳ የለበሰ፣ ቀለም የተላጠ። የእነዚህ ሰዎች ወግ ይህ ነው፤ አዳማጮቹ በሙሉ ረጅም አግዳሚ ላይ ተደርድረው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባቸውን ወደ ማሽኖቹ አዙረው ይቀመጣሉ። ማሽኖቹን የሚያየው የሚጫወተው ሰው ብቻ ነው። ዞሮ ማየት ክልክል፣ ማውራትም ክልክል ነው። የወደደው ድምፅ ሲመጣ ሰው እጁን ያወጣል፣ ተጫዋቹ ይቆጥራል።

«ዓይን የፋብሪካ ስም ያነባል» ይል ነበር አናጢው። «ጆሮ ማንበብ አይችልም፣ ስለዚህ አይዋሽም።»

ለሁሉም የሚጫወተው አባዬ ነበር፣ ምክንያቱም እሱን ሁሉም ያምነዋል፤ ለራሱ ማሽን ብሎ አሳምሮ፣ ለሰው ማሽን ብሎ አበላሽቶ አይጫወትም። እኔ ሴትም ሕፃንም ስለነበርኩ ሕጉ አልተመለከተኝም። ከአባዬ ፊት ለፊት የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ሳጥኖቹን ነው ያወዳደሩት፤ አንዱን አምፕሊፋየር ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው እያዛወሩ። ጀርባው የተዘጋ አለ፣ ጀርባው ክፍት የሆነ አለ። በየመሃሉ አናጢው «ተናገሩ» ሲል አፋቸው ይፈታል።

«ይቺ ጉንፋን ይዟታል።»

«ይቺኛዋ ደግሞ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በቆሎ የሚበትኑ ነው የሚመስለው።»

«የማን ናት?»

«የኔ ናት» ይላል አናጢው፣ ሁሉም ይንጫጫሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚታየኝ። ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወንዶች ተሰብስበው እንደዚያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም፣ ወይም ሰምቼ ይሆናል፣ እኔ ነኝ መስማት የተውኩት።

በመጨረሻ የሾፌሩና የአባዬ ተራ ደረሰ። ከአዳማጮቹ ጋር የነበረው አጎቴ ተነስቶ ገመዶቹን አየ፣ ሁለቱንም ማሽን ግድግዳው ላይ ሰካቸው፣ ተመልሶ ተቀመጠ። እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«የኔዋ ባሕር ተሻግራ ነው የመጣችው፣ እወቁልኝ» አለ ሾፌሩ።

«የኔዋም በዋዛ አልመጣችም» አለ አባዬ። «ሚስቴን ተሻግራ ነው።»

ትከሻዎቹ ተንቀጠቀጡ። አባዬ ማሽናችንን አበራ። ዝም። አጎቴ አንገቱን ቀና አደረገ። ጀርባውን ነው የማየው፤ ጆሮው ግን የቆመ ያህል ታወቀኝ።

«በርታለች?» አለ።

«በርታለች» አለ አባዬ።

«ታዲያ ድምጿስ? ያ ጩኸቷ የት ሄደ?»

አባዬ ጠቀሰኝ። «ተመክራ ነው» አለ። ሁሉም ሳቁ። አጎቴ አልሳቀም። ከአግዳሚው ብድግ አለ፤ ሊዞር ነው።

«ቁጭ በል!» አለ አናጢው። «የራስህን ሥራ ልታይ ነው? ሕግ ሕግ ነው፣ ዞሮ ማየት የለም!»

«አይ፣ አንድ ነገር ብቻ…»

«ቁጭ በል አንተ!» አሉት ከግራም ከቀኝም፣ ጃኬቱን ይዘው ጎተቱት። ቁጭ አለ። እኔም በሆዴ «እሰይ!» አልኩ፤ የአባዬን ሚስጥር ሊያበላሽብን ነበር።

አባዬ ተጫወተ። የቁም ሳጥኑ በር እንደዚያ ቀን ዘፍኖ አያውቅም። ጥቂት እጆች ወጡ። አሁን ወደ ሾፌሩ ማሽን ማለፍ አለበት። ጊታሩ ገና ከእኛ ማሽን ጋር እንደተያያዘ፣ ግራ እጁን ከክሮቹ ላይ ሳያነሳ፣ በቀኝ እጁ የሾፌሩን ማሽን ድምፅ ሊያስተካክል የብረት ፊቱን ያዘ።

ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከሳጥኑ አንድ ረጅም፣ ወፍራም ድምፅ ወጣ፤ ክፍሉን ሞላው፣ የተቀመጥኩበት ባልዲ ከሥሬ ተንዘረዘረ። አባዬ ቤት ውስጥ እኔን ሲያስቅ እንደዚያ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ጥርሱን ገጥሞ። ለኔ ብሎ ያደረገው መሰለኝ። ድምፅ እንዳላሰማ አፌን በሁለት እጄ ይዤ ሳቅኩ።

አግዳሚው ላይ እጆች መውጣት ጀመሩ። አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ። የወደዱት ድምፅ ነበር። ሾፌሩ ሕጉን ጥሶ፣ «ይቺ ናት! በቃ ይቺ ናት!» ብሎ ጮኸ፣ በራሱ ማሽን ላይ መፍረዱ ነው። የሚቆጥር ግን አልነበረም።

መጀመሪያ የዞረው አጎቴ ነው። ያወጣው ጩኸት የሰው አልነበረም። አግዳሚውን ከነሰዎቹ ገልብጦ በመሃላቸው አልፎ ገመዶቹን ከግድግዳው መነጨቀ። ድምፁ ቆመ። አባዬ ከነጊታሩ የእንጨት ብናኙ ላይ ወደቀ። እኔ ተነስቶ እጅ እስኪነሳ ጠበቅኩ፤ ሲያስቀኝ ሁልጊዜ በመጨረሻ እጅ ይነሳ ነበር።

ሾፌሩ አቅፎ አወጣኝና የጭነት መኪናው ውስጥ አስቀመጠኝ። መሪውን እንድይዝ ፈቀደልኝ። ግራ ቀኝ እያዞርኩ ረጅም መንገድ ነዳሁ፤ እሱ ከውጭ በሩን ተደግፎ ጀርባውን ሰጥቶኝ ያለቅሳል። «አባትሽ ደክሞት ነው» አለኝ በኋላ። እኔም አመንኩት፤ ሲጫወት ውሏላ።

ቤታችን በሰው ተሞላ። ወንበር ከየጎረቤቱ መጣ። የማላውቃቸው ሴቶች ጸጉሬን እየዳበሱ «ወይኔ ልጄን» ይሉኛል። ወንዶቹ በር ላይ ተሰባስበው በሹክሹክታ ያወራሉ፤ የሰማሁት ቁርጥራጭ ነበር። ሽቦው ተቆርጧል። ማነው የቆረጠው? ተቆርጦ ባይሆን ኖሮ ኤሌክትሪኩ ሾልኮ ወደ መሬት ይገባ ነበር፣ እሱን አይነካውም ነበር። የሠራው እሱ፣ የሰካው እሱ። ሁሉም አጎቴን ያያሉ። አጎቴ ጭንቅላቱን ይዞ፣ «እኔ አይደለሁም፣ ልጆቼን ላጣ፣ ለምን እቆርጣለሁ?» ይላል። ልጆች አልነበሩትም፤ ወደፊት እወልዳቸዋለሁ በሚላቸው ነበር የሚምለው።

እማዬ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው፤ «ማነው? ስሙን ንገሩኝ። ማነው?»

አጎቴ ከቤት ወጥቶ ጓሮ፣ ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አሳዘነኝ። ላስደስተው ብዬ የክብሪት ቤቴን ይዤ ሄድኩ።

«አጎቴ፣ ንቧን ላሳይህ?»

ከፈትኩለት። አያት፤ ለረጅም ጊዜ አያት።

«ከየት አመጣሻት?»

«አባዬ ነው የገደላት። በፒንሳ። እማዬ ወይ ንቧ ትውጣ ወይ እኔ ልውጣ ስላለችው። እሷ ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር፣ አልነገርናትም። ስትመለስ እንድትስቅ ነው።»

አጎቴ ፊቱ ላይ የሆነውን ነገር ዛሬም መግለጽ አልችልም። ያኔ ግን ቀንቶ ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። ቁራጯን ከክብሪት ቤቱ አነሳትና ኪሱ ከተታት።

«የኔ ናት!» አልኩት።

«የኔ ናት» አለኝ፣ በጣም ቀስ ብሎ። ተንበርክኮ ትከሻዬን ያዘ። «ስሚኝ የኔ እመቤት። ይቺን ንብ አንቺ አላየሻትም። ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። መቼም። ከነገርሻት እናትሽም ትሄዳለች፣ እንደ አባትሽ። ገባሽ?»

አልገባኝም፤ ግን ፈራሁ። ተከትዬው ገባሁ። በሰው መሃል ሰንጥቆ እህቱ ፊት ቆመ።

«እታለም» አላት። «እኔ ነኝ።»

እማዬ ቀና ብላ አየችው።

«እዚያ ስንደርስ ነው የቆረጥኩት፣ ስሰካው። ትጮኽ ስለነበር፣ ሥራዬን እንዳያሾፉበት ብዬ። ላሸንፍ ብዬ። እኔ ነኝ።»

እኔ ተቃጠልኩ። ውሸታም! የአባዬን ንብ ሰርቆ፣ በሰው ፊት እኔ ነኝ የገደልኳት ይላል! እማዬ ከአልጋዋ ተነስታ ደረቱን በሁለት እጇ ስትደበድበው፣ እሱም እጆቹን ወደ ታች ለቅቆ ሲደበደብ፣ አቤት ደስ ሲለኝ። ደግ አደረገች አልኩ። ሰዎቹ ገፍተው አስወጡት። ሾፌሩ ከኋላው ምራቁን ተፋ።

ከዚያ በኋላ ሬዲዮ ሊያስጠግን ወደ ሱቁ የመጣ ሰው አልነበረም። ማን ይመጣል? ዘመዱን በሽቦ የገደለ ሰው ጋ ማን ማሽን ይሰጣል? ሱቁን ዘጋ። ያጩለት ልጅ ቤተሰቦቿ ከለከሏት። ይህን ሁሉ የሰማሁት በክፉ ሳቅ ታጅቦ ነው፤ በእኛ ቤት የእሱ ውድቀት የምሥራች ነበር። የስብሰባው ሰዎች ደግሞ በየተራ እየመጡ በራችንን ያድሱልን፣ ጣሪያችንን ይደፍኑልን ነበር። እንዴት ያሉ ደጋጎች ናቸው እል ነበር። አሁን ሳስበው፣ አንዳቸውም ዓይናችንን አይተው አያውቁም። እጃቸውን አውጥተው ነበራ።

ተምሬ፣ ሥራ ይዤ፣ ለብቻዬ ቤት በተከራየሁ ሰሞን ነው። የምጣዴ መሰኪያ ተቃጥሎ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራሁ። የአዲሱን ገመድ ልጣጭ ሲገፍ ከውስጥ ሦስት ሽቦዎች ወጡ፤ አንዷ አረንጓዴ፣ ቢጫ መስመር ያላት።

«እሷ ምንድን ናት?» አልኩት።

«ይቺ?» አለ ቀና ሳይል። «ይቺ ለምንም አትሠራም። ሰው እንዳይሞት ብቻ ነው።»

ሰውዬው ሥራውን ጨርሶ ሄደ። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ንቧ፣ ፒንሳው፣ ጤና ጣቢያው፣ ጓሮው፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ያን ዕለት ስለ አባዬ ያላለቀስኩትን ሁሉ ስለ አጎቴ አለቀስኩ።

ፈልጌ አገኘሁት። የመጋዘን ዘበኛ ሆኗል። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ሳየው በእማዬ ዓይን ያየኝ መሰለኝ፣ ዓይናቸው አንድ ነው። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል በብብቴ ይዞ አነሳኝ።

«አሁኑኑ ሄጄ እነግራታለሁ» አልኩት።

«ምን ብለሽ?»

«አንተ እንዳልሆንክ ነዋ!»

«እሺ። ከዚያ ማን ነው ብላ ስትጠይቅሽስ?»

መልሱን ራሱ ሰጠኝ።

«አባትሽ ነው ትያታለሽ። ለምን ስትልሽስ?» ጠበቀኝ። «እህቴን አውቃታለሁ። የተናገረችውን ቃል በቃል ታስታውሰዋለች። እኔን መጥላት ለምዳዋለች፤ ጠዋት የሚያስነሳት እሱ ነው። ራሷን መጥላት ግን አትችልበትም። በዚያ ሳምንት ነው የምትሞተው፣ እናንተንም ይዛ።»

«አንተስ?»

«እኔማ ንጹህ አይደለሁም» አለ። «ድምጿ ሲጠፋ ያኔውኑ ገብቶኛል። ተነስቼም ነበር። ቁጭ በል ሲሉኝ ቁጭ አልኩ። እኔን ያቃጠለኝ ሽቦው አይደለም፣ ያቺ መቀመጥ ናት።» ከዚያ አስማለኝ። በአባዬ አጥንት ነው ያስማለኝ።

እንግዲህ ይህን ይዤ ነው እማዬን በመኪናዬ ሆስፒታል ያደረስኳት። በመንገድ ላይ ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። መሐላውን ላፍርሰው፣ ይፍረስ፣ ሰው እየሞተ አይደለም እንዴ? ደግሞ ወደ ጎን አያታለሁ፤ ትንሽ ሆናለች፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጭኗ ላይ ይዛ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የምትለውን እያጠናች ነው። እዘጋዋለሁ።

አጎቴ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ ነበር። ከአንሶላው ሥር ሰው ያለ አይመስልም። ሲያያት ሊቀመጥ ሞከረ፣ አልቻለም።

«እታለም» አላት።

«እንደዚያ ብለህ አትጥራኝ።»

«እሺ።»

አልተቀመጠችም። ወንበር ሳብኩላት፣ በእጇ ገፋችው። «ከአፍህ ልስማው። ማነው የቆረጠው?»

አጎቴ እኔን አየኝ፤ እሷን ሳይሆን እኔን። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። እሱ ደግሞ በዓይኑ፣ ልክ ያኔ ጓሮ ውስጥ ትከሻዬን እንደያዘው አድርጎ ያዘኝ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ለምን?»

«ላሸንፍ ብዬ።»

«ለጭብጨባ? ባሌን ለጭብጨባ?»

«አዎ። ለጭብጨባ።»

«ይቅርታ ጠይቀኝ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«አላደርግልህም» አለችው። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። «እስክሞት አላደርግልህም። ይህን ልነግርህ ነው የመጣሁት።»

«እሺ» አለ አጎቴ። ከዚያ፣ እኛ ዞረን በሩ ጋ ስንደርስ፣ «ደረጃው ያዳልጣል» አለ። «እጇን ያዣት።»

እጇን ያዝኳት። ወረድን። መኪናው ውስጥ ገባን። እማዬ ከቦርሳዋ መሐረብ አውጥታ ፊቷን ጠረገች፤ እንባ ግን አልነበረም። የሆነ ነገር ከትከሻዋ የወረደላት ትመስል ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ቀና ብላ ተቀምጣለች።

«አየሽው?» አለችኝ። «አንዲት ጠብታ እንባ የለውም። ድንጋይ ነው። ድሮም ድንጋይ ነበር።»

ቁልፉን አስገባሁ።

«አንቺም እኮ እዚያ ነበርሽ» አለች ድንገት፣ ወደ እኔ ዞራ። በዚህ ሁሉ ዓመት ጠይቃኝ አታውቅም ነበር። «ሌሎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር አሉ። አንቺ ግን ፊት ለፊት ነበርሽ። ምንም ያየሽው ነገር የለም?»

ዓይኗን አየሁት። የእሱ ዓይን ነው።

«ልጅ ነበርኩ እማዬ» አልኳት። «ምንም አላስታውስም።»

ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ፣ አይዞሽ እንደማለት። መኪናውን አስነሳሁ።